የለስላሳ ጠርሙስ መንገድ ላይ ለምን አይወድቅም?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በመኪና የሄደ ሰው መርሳን ያውቃታል። ውርጌሳ ታልፋ፣ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ አስፋልቱ ከተማዋን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። መኪናው ገና ፍጥነት ሲቀንስ ማንጎና ፓፓያ ያንጠለጠሉ እጆች ወደ መስኮቱ ይዘረጋሉ። ዋጋ ይባላል፣ ይቀነሳል፣ ብሩ ይወጣል፣ ፍሬው በፌስታል ይገባል። መልስ በቅጡ ሳይቆጠር ሹፌሩ ነክቶት ይሄዳል። ሦስት አራት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ማንጎው ተበልቶ ያልቅና ልጣጩ፣ ፌስታሉና ባዶ ሃይላንዱ በዚያው በመስኮት ይወጣሉ። ተሳፋሪው ወልዲያ ገብቶ ምሳውን ይበላል። ፌስታሉ እኛ ጋ ይቀራል።

እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ፤ ነገሩን የማየው ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ነው። ክረምቱ አልፎ ጎርፉም የሚያመጣውን አምጥቶ ሲያበቃ፣ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን በእግሬ ሄጄ ነበር። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ የብስኩት ላስቲክ፣ የዱቄት ሳሙና ላስቲክ፣ የውሃ ሃይላንድ፣ ክዳን፣ ገመድ... ቦዩ ውስጥ የሌለ የለም። አንድ ነገር ግን አጣሁ፤ የለስላሳ ጠርሙስ። የቢራም እንደዚያው። በዚህ መንገድ ላይ በቀን ስንት ሳጥን ለስላሳ እንደሚጠጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሚጠጣውም ፌስታሉን የሚጥለው ያው ሰው ነው። ታዲያ ጠርሙሱ የት ገባ?

መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሱቅ ሄዳችሁ «ይዤው ልሂድ» ስትሉ ባለሱቁ ምን ይላል? «መያዣ አምጣ!» ይላል። ወይ ብር ታስይዛላችሁ፣ ወይ ባዶ ጠርሙስ ታመጣላችሁ፣ ወይ እዚያው ቆማችሁ ትጠጣላችሁ። ባለሱቁም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አከፋፋዩ በሳጥን ቆጥሮ ይጠይቀዋል። አከፋፋዩን ደግሞ ፋብሪካው ይጠይቀዋል። ከኮምቦልቻ ሙሉ ጭኖ የወጣ መኪና ባዶ ጭኖ ይመለሳል።

ስለ ቆሻሻ በተወራ ቁጥር «ሕዝባችን ግንዛቤ የለውም» የሚባል ነገር አለ። በስብሰባ ይባላል፣ በሬዲዮ ይባላል፣ ቲክቶክ ላይ ኮሜንቱ ሁሉ ይኸው ነው። ለእኔ አይዋጥልኝም። ያ ግንዛቤ የለውም የተባለው ሰው አንድ እጁ ላይ ያለውን ጠርሙስ በጥንቃቄ ይመልሳል፣ በሌላ እጁ ያለውን ሃይላንድ ይወረውራል። ግንዛቤው ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ሲሻገር አይጠፋም መቼም። የጠፋው መያዣው ነው።

ይህን ያነሳሁት አገሪቱ ፌስታልን የሚመለከት አዲስ ሕግ ስላወጣች ነው። ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት ግን ፌስታል የሚጎዳው ምኑን እንደሆነ ልናገር። ከተማ ለከተማ ስናወራ ጉዳዩ የውበት ይመስለናል፤ የተዝረከረከ ነገር ስለሚያስጠላ የሚጸዳ። ገጠሩ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛ አለኝ፤ የሀብሩን ቀበሌዎች በእግሩም በሞተርም ሲዞር የኖረ። ገበሬው ላሟን እየጎተተ ይመጣና «አልበላ ብላለች» ይላል። ሆዷ ሲታይ ሙሉ ነው፤ በተለይ ግራ ጎኗ ወጠር ብሏል። አጥንቷ ግን ተቆጥሮ ያልቃል። ማመስኳት ቀንሳለች፣ ወተቷ ነጥፏል። መድኃኒት ይሰጣታል፣ ትንሽ ቀና ትላለች፣ መልሳ ትተኛለች። በመጨረሻ ባለቤቱ በርካሽ ይሸጣታል ወይም ትታረዳለች። ሆዷ ሲከፈት እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ፌስታል፣ ከገመድና ከጨርቅ ጋር ተጎንጉኖ ይወጣል።

እንዴት ዋጠችው? ፍየል በከንፈሯ መርጣ ትቀጥፋለች፤ ላም ግን በምላሷ ጠቅልላ ነው የምትውጠው። ጨው የተቋጠረበት ፌስታል ለላም ጨው ነው። የማንጎ ልጣጭ ያለበት ፌስታል ማንጎ ነው። ፈትታ አትበላም፤ ከነማሸጊያው ነው። የላም ጨጓራ ገለባን እንኳ የሚያሟሽሹ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚኖሩበት ትልቅ ጋን በሉት። እነሱ ግን ፌስታልን አያውቁትም። ወደ ፊት ወደ አንጀት አያልፍ፣ ወደ ኋላ አይመለስ፣ አይበሰብስ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያለ ቦታውን ይይዘዋል። ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

ለፋሲካ ወይ ለመስቀል ቅርጫ ገብታችሁ ጨጓራ ሲታጠብ የቆማችሁ፣ ለአረፋ እርድ ላይ የነበራችሁ፣ ይህን የምነግራችሁ እኔ አይደለሁም፤ አይታችሁታል። አንዳንዱ ሰው ፌስታሉን ወዲያ ወርውሮ ሥጋውን ይካፈላል። የተወረወረውን ደግሞ ሌላ ከብት ያገኘዋል።

እንግዲህ በሬ ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለከተማ ልጅ መንገር ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ የቀረውን አንዱን ይዞ መቀናጆ ፍለጋ ይዞራል። ማለትም፣ እንደ እሱ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤት ጋር አጣምዶ በተራ ያርሳል። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። መሬቱ በወቅቱ ካልታረሰ የዓመቱ እህል ያንሳል። ይህ ሁሉ የመጣው ማን እንደሆነ ከማይታወቅ ተሳፋሪ መስኮት ነው። ክስ የሚመሠረትበት ሰው የለም፤ ታርጋውን ማንም አልያዘውም።

ላሟን ተዉአት። በጊራና በኩል መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ቦዩ ሲደፈን መጀመሪያ የሚያወጣው ላስቲክ ነው። መሬት ውስጥ የገባው ፌስታል ውሃ እንዳይሰርግ ያግዳል፣ ማረሻ ላይ ይጠመጠማል። ከተማ ውስጥ የተሰበሰበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቃጠላል። ማታ ማታ ያ የሚያፍን ጭስ ሲነሳ መስኮት ዘግተን እንቀመጣለን። ላስቲክ በየሜዳው ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ከሳንባ አልፎ የሚሄድ መርዝ አለበት፤ መስኮት መዝጋት ብዙም አይረዳ። ጎርፉ የተረፈውን ጠርጎ ወደ አፋር ዝቅታ ይዞት ይወርዳል። ከእኛ በታች ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ግመልና ፍየል አለው።

አሁን ወደ ሕጉ።

ብዙ ሰው ፌስታል ገና አሁን የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዲመረት ወይም እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። ስለ ብርጭቆ ዕቃና ስለ ቆርቆሮም ለብቻው አንቀጽ ነበረው። እነዚህን መስመሮች ስልካቸው ላይ የሚያነቡ ብዙዎች ያኔ ገና አልተወለዱም፤ ወይ ጡት ላይ ነበሩ። ሕጉ ከእናንተ እኩል አድጓል ማለት ነው።

0.03 ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነው? የደብተር ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእሱ ሲሶ እንኳ አይሞላም። እስቲ ንገሩኝ፣ መርሳ ገበያ ውስጥ ይህንን የሚለካ ማን ነው? ደንብ አስከባሪው በጣቱ ዳብሶ «ይህ 0.03 ነው፣ ያኛው 0.04 ነው» ሊል? የዚህ ዓይነት ልኬት የሚሠራው ፋብሪካ በር ላይና ጉምሩክ ላይ ነው። እዚያ ካመለጠ መርሳ ላይ አይያዝም። አምልጦም መጣ። ያ ስስ ጥቁር ፌስታል አገሩን የሞላው ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ሕጉ በር ላይ ያልቆመ በመሆኑ ነው።

በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ይህኛው የውፍረት ጣጣ ውስጥ አልገባም፤ ፌስታልን ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ከለከለ። ለአምራቹና ለአስመጪው ከበድ ያለ ቅጣት አስቀመጠ። ለተጠቃሚውም አልቀረለትም፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣዋል።

ክልከላውን እደግፈዋለሁ። ላሚቱን አይታችኋላ። የሚያስፈራኝ ግን የመጨረሻው ቁጥር ነው። አገራችን ውስጥ ቅጣት ውሃ ነው፤ ዝቅ ወዳለበት ይፈስሳል። ፋብሪካውን ለማግኘት መኪናና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አስመጪውን ለመያዝ ድንበር መጠበቅ ያስፈልጋል። ማንጎ ሻጯን ለመያዝ ግን መንገድ መሻገር ብቻ በቂ ነው።

ከእነዚያ ሻጮች አንዷን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸውን፣ አዋጁን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ይቅር ካሉ ይቅር። እኔስ ገንዘቤን አውጥቼ አይደል የምገዛው? ግን መኪናው አይቆምልኝም። ሰውየው በመስኮት እጁን ዘርግቶ፣ ማንጎውን በምን ልስጠው? በነጠላዬ ልጠቅልልለት?»

«ዘንቢል ይያዙ ቢባልስ እትዬ?»

«ዘንቢሉን ይዞብኝ ሊሄድ?» ብለው ሳቁ።

እሳቸው በቀልድ የተናገሩት የጉዳዩን ዋና ክር ነው። ዕቃው ዋጋ ካለው፣ ሰጪው እንዲመለስለት ይፈልጋል። ዋጋ ከሌለው፣ ሰጪውም ተቀባዩም ይረሱታል። ፌስታል የተፈጠረው ለመረሳት ነው።

ፕላስቲክ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ይህንን አካባቢ ተቆርቋሪ ነን የምንል ሰዎች በደንብ ልንናገረው ይገባል። ጀሪካን ለእናቶቻችን ምን እንዳደረገ አስቡ። ከባድ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ጀርባዋ የቀለለው በጀሪካን ነው፤ ተንሸራትታ ብትወድቅም አይሰበርም። ግን ጀሪካን መንገድ ላይ ተጥሎ አይታችኋል? ሲቀደድ ብረት አግለው ያጣብቁታል። ሲብስበት አንገቱን ቆርጠው መቅጃ ያደርጉታል፣ ግማሹን ለዶሮ ውሃ ማጠጫ። የመኪና ጎማ አልቆ በረባሶ ይሆናል፤ በረባሶው ሲያልቅ ማጠፊያ ሆኖ የአጥር በር ላይ ይቸነከራል። አዲስ አበባ ቁራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ብረቱንም ቆርቆሮውንም ይገዛል፤ ልዋጭ የሚሉት አሮጌ ልብስ ተቀብለው ሳፋ ይሰጣሉ። እነዚህ ሰዎች «ሪሳይክል» የሚል ቲሸርት አልለበሱም። ሥራው ግን የእነሱ ነው።

ስለዚህ እኛ አዲስ ባህል ከውጭ ማምጣት አይጠበቅብንም። የሚጎድለው ሃይላንድንና ላስቲክን ወደዚህ የቆየ ሰንሰለት ማስገባት ነው። ሃይላንድ ራሱ እኮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ውሃውን ቀምሶት የማያውቅ ልጅ ሳይቀር ዛሬ ማንኛውንም ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሃይላንድ ይለዋል። ስሙን ቤተሰብ አድርገነዋል፣ ዕቃውን ግን እንደ ባዕድ እንወረውረዋለን።

አዲስ አበባ ላይ ሃይላንድ በኪሎ የሚገዛ አለ። ስለዚህ እዚያ ለቃሚ አለ። ኩቢክ የተባለ ድርጅት የፕላስቲክ ቆሻሻን አቅልጦ የግንባታ ብሎክ ያደርገዋል። ተኪ የተባለው ደግሞ መስማት የተሳናቸውን ሴቶች ቀጥሮ የወረቀት ከረጢት ያሠራል፤ ስሙም ራሱ ይናገራል፣ ፌስታልን ለመተካት ነው። ግን አዲስ አበባ ከመርሳ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባዶ ሃይላንድ ደግሞ አየር ነው። አንድ አይሱዙ ሙሉ ሃይላንድ ብትጭኑ የነዳጁን አይመልስም፤ በመጭመቂያ ተጠፍጥፎ ካልታሰረ በስተቀር። እዚህ ጋ ነው ወደ ለስላሳው ሳጥን የምመለሰው። ያ መኪና ባዶ ጠርሙስ ለመውሰድ ለማንኛውም ይመለሳል። የታሸገ ውሃ የሚያመጣውስ? ባዶውን ነው የሚመለሰው። ውሃውን እስከ መርሳ ለማድረስ መንገዱ ያልራቀበት ድርጅት፣ ፕላስቲኩን ለመመለስ ለምን ይርቅበታል?

በእርግጥ በራሱ ፈቃድ አያደርገውም። ለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው። ጀርመን አገር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አንድ ጊዜ የሚጠጣበት የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ ላይ 25 ሳንቲም መያዣ ይከፈላል። ባዶውን ሱቅ ያለ ማሽን ውስጥ ስትከቱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ከመቶው ከ95 በላይ የሚሆነው ጠርሙስ ይመለሳል። ጀርመኖች ከእኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው ይመስላችኋል? ባቡር ጣቢያ ላይ ተማሪውና ጡረተኛው የሌላውን ሰው ባዶ ጠርሙስ ሲለቅም ይታያል፤ ሳንቲም ነውና። የእኛም ባለሱቅ ማሽን አያስፈልገውም። መያዣ መቁጠር ከድሮም የተካነበት ሥራ ነው።

በፌስታል በኩል ደግሞ ጎረቤቶቻችን ቀድመውናል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከለከለች። ሩዋንዳ በ2008፤ ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ፌስታል ይዞ መግባት እንደማይቻል ለመንገደኛው ይነገረዋል። ኬንያ በነሐሴ 2017 ያወጣችው ክልከላ እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ 40,000 ዶላር የሚያስቀጣ ነው፤ በዓለም ላይ ከከበዱት አንዱ ተብሎለታል። ናይሮቢ ላይ ፌስታሉ በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን በኮንትሮባንድ ከድንበር ማዶ መግባቱን አላቆመም፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ትንሹ ቸርቻሪ ነው። ይህንን ከአሁኑ ማየት አለብን።

የአገር መሪዎች በትልቁ መድረክ ይስማሙና ከላይ ይምጣልን ብለን እንዳንጠብቅ ደግሞ፣ የዓለም የፕላስቲክ ስምምነት ድርድር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ጄኔቭ ላይ ያለ ውጤት ተበትኗል።

ሕጉ ቸል ሲባል እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ፣ ቆሼ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተከመረበት ተራራ ተናደና ሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሰዎችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ኑሯቸው ከዚያው ክምር ላይ የሚሸጥ ነገር መልቀም ነበር። እኛ መያዣ የሌለውን ነገር ስንጥል፣ እነሱ በእጃቸው እየቆፈሩ ዋጋ ይፈልጉለት ነበር ማለት ነው። የ1999 አዋጅ ያን ጊዜ አሥር ዓመት ሆኖታል። የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ ዕቅድ እንዲኖራቸው፣ ነዋሪውም የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለይቶ እንዲያወጣ የሚለው ሐሳብ እዚያው ውስጥ ተጽፎ ነበር።

መርሳ እንደ ቆሼ ዓይነት ተራራ የላትም። ትንሽ ከተማ መሆን አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ገና ኮረብታ ሳይሆን ይደረስበታል። የከተማዋን ሱቆች አንድ ከሰዓት በኋላ በእግር ዞሮ መጨረስ ይቻላል። የእርሻ ኮሌጅ አላት፤ ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የዘንባባ ቅጠል ከቆላው ይመጣል፤ ሰሌንና ዘንቢል መሥራት የሚያውቁ እጆች በዙሪያው ሞልተዋል። ለማንጎ የሚሆን ከቅጠል የተጎነጎነ ትንሽ መያዣ በመስኮት ለመንገደኛ ቢሸጥ፣ ወልዲያ ሲደርስ አይጥለውም፤ ቤቱ ወስዶ ሽንኩርት ያስቀምጥበታል። እነዚያ እናት «ይዞብኝ ሊሄድ» ያሉት ዘንቢል ዋጋው ከማንጎው ላይ ከተጨመረ፣ ይዞት ይሂድ። እውነቱን ለመናገር ከማንጎው ይልቅ ትርፉ እዚያ ሊሆን ይችላል። ግን ይህንን የምትጀምር ሴት ብድር ያስፈልጋታል፣ ለጊዜው የሚታገሳት ደንብ አስከባሪ ያስፈልጋታል። የ2,000 ብር ደረሰኝ ቀድሟት ከመጣ ግን አበቃ።

እናንተ ወጣቶቹስ? የጽዳት ዘመቻ ጥሩ ነው፤ ጓንት አድርጎ፣ መጥረጊያ ይዞ ፎቶ መነሳትም ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ወለል መወልወል መሆኑ ነው። በአንዳንድ ከተማ ደግሞ ቅዳሜ የተሰበሰበው ሰኞ ወንዝ ዳር ይደፋል፤ ይህኛው ፎቶ ፖስት አይደረግም።

ስልኩ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላችሁ ይላል። ይህ እንደ ጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በእሱ ላይ በቀጥታ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የሞተችው ላም የእናንተ መሆን የለባትም። መሬቱም የአባታችሁ መሆን የለበትም። የምታልፉበት መንገድ መሆኑ ይበቃል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በቀጣዩ 60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

አቤቱታው በማን ላይ ይሁን ነው ጥያቄው። ማንጎ ሻጯ ላይ እንዳታደርጉት አደራ። ፌስታሉን በጅምላ የሚያወርደው መጋዘን ከየት እንደሚያመጣው ይጠየቅ። ቆሻሻ ወንዝ ዳር የሚደፋው አካል ይጠየቅ። ከአቤቱታ ውጪ ደግሞ ሐሳብ የሚቀርብበት ቦታ አለ። አዋጅ ከጸደቀ በኋላ ደንብና መመሪያ ይከተላል፣ ክልሎችም የየራሳቸውን ያወጣሉ። ማን ይሰበስባል፣ ማን ይከፍላል፣ ሃይላንዱ መያዣ ይኖረዋል ወይ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ካሜራ ብዙም አይገባም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 ኮፕ 32 የተባለውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። እስከዚያ ድረስ የታሸገ ውሃ አምራቾች ጠርሙሳቸውን እንደ ለስላሳው እንዲመልሱ የሚያደርግ መመሪያ ለማውጣት ጊዜ አለ። ለእንግዳ ቤት መጥረግ ልማዳችን ነውና ይህ ጥሩ ሰበብ ይመስለኛል።

አቤቱታ ለምትጽፉ አንድ ተግባራዊ ነገር። ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ቦታ ድገሙት። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የአዋጁን ቁጥር ጥቀሱ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁና ቢሮ ስትሄዱ አንዱን ሰጥታችሁ ሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ይዛችሁ ውጡ። «ነገ ኑ» ካሏችሁም ሳያስመቱ አትውጡ፤ ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ጀምሮ ነው።